«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

ከማቻከል ወይም ከስናን ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ የገባ ገበሬ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ከተባለ ቀኑም የትራንስፖርት ብሩም ባከነ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይበራል፤ የብልሽቱን ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ያው ችግር በሳምንቱ ይመለሳል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን ቦይንግ 737 ማክስ አፍንጫውን ደጋግሞ የደፈቀው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር መሆኑ በማስረጃ የታወቀው ጥቁር ሳጥኑ ስለተገኘ ነው።

ኮምፒውተርም ጥቁር ሳጥን አለው። ፕሮግራም ክራሽ ሲያደርግ ዊንዶውስም፣ ሊኑክስም፣ አንድሮይድም በዚያች ቅጽበት ሜሞሪው ላይ የነበረውን በየራሳቸው መልክ መመዝገብ ይችላሉ። የጉግል ክራሽፓድ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ሲሆን በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ፋይል ያስቀራል።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ስለዚህ ሪፖርቱን ወደ ውጭ ሰርቨር ብቻ የሚልክ ፕሮግራም ለጎጃም አይሆንም፤ መዝገቡ እዚያው ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት።

ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምር፦ ፕሮግራሙ ሲወድቅ መዝገብ ይተው። መዝገቡ የይለፍ ቃልና የደንበኛ መረጃ ሊይዝ ስለሚችል ይቆለፍ፤ ቁልፉ ግን በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ እጅ ይሁን። ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» የሚል ተቋም ዛሬ ምን እንደተበላሸ ማወቅ ግዴታው ነው።