ጥያቄ ድፍረት አይደለም

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት ስለ ማሰብና ስለ መኖር የተናገራትን አጭር ቃል የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን መጠራጠርን ያስተማረ ሰው ቃል ያለ ጥርጣሬ ሲሸመደድ፣ ፍልስፍናው ቀርቶ ስሙ ብቻ ተያዘ ማለት ነው።

ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በግልጽ ያልተረዳውን እንደ እውነት ላለመቀበል፣ ከባዱንም ጥያቄ ከፋፍሎ ለመመርመር መወሰኑን ገለጸ። አብሮ ያወጣው የጂኦሜትሪ ድርሰት መስመርን በአልጀብራ ለመግለጽ መንገድ ከፈተ፤ ሳይንስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ እርሱም ከስሕተት አልዳነም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 ልብ እየተኮማተረ ደምን እንደሚገፋ አስረድቶ ነበር። ዴካርት የደምን መዘዋወር ቢቀበልም፣ ደምን የሚያስወጣው የልብ ሙቀት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ተሳሳተም።

በ1643 ደግሞ የ24 ዓመቷ የቦሄሚያ ልዕልት ኤልሳቤጥ፣ አካል የሌላት ነፍስ አካልን እንዴት ታንቀሳቅሳለች ስትል በደብዳቤ ጠየቀችው። መልሱ አላረካትምና ደግማ ጠየቀች። እርሱ ግን አልተቀየማትም፤ ይልቁንም በ1644 ያሳተመውን «የፍልስፍና መሠረቶች» በስሟ አበረከተው።

እንግዲህ ለመምህራኖቻችን ያለን አክብሮት ሳይጓደል፣ ያልገባንን እንጠይቅ፤ ያላሳመነንንም ደግመን እንጠይቅ። መምህራኖቻችንም ደግሞ የጠየቀውን ተማሪ እንደ ደፋር አይቁጠሩት። ደብተር ሞልቶ አእምሮ ባዶ ከቀረ፣ የተማርነው መገልበጥን ብቻ ነው።