ስልሳ ካርድና አንድ ዕቅድ

በዚህ እትም የምንመለከተው ከደምበጫ የደረሰንን የአንድ አባት ደብዳቤ ነው። አሳጥረን ስናቀርበው እንዲህ ይላል፦

«ለእረፍት ከውጭ አገር የመጣ አጎቱ ለአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጃችን ፖኬሞን የሚባል ካርድ በሳጥን ሙሉ ሰጥቶት ሄደ። ልጁ ከእህቱ ጋር ይጫወትበታል። ከጨዋታው ይልቅ ግን ካርዶቹን ሲለይ፣ ሲያወጣና ሲያስገባ የሚያመሸው ይበልጣል። እኛ ቤት ካርታ ገብቶ አያውቅም። ባለቤቴ እናቃጥለው ትላለች። እኔ ደግሞ ሳላውቀው መፍረድ አልወደድሁም። ነገሩ ቁማር ነው? ልጁስ በካርዶቹ ምን እየሠራ ነው?»

ሳያውቁ አለመፍረድ መልካም ነው። የእናቲቱም ስጋት ከከንቱ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ጥያቄ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ካርታ» ሲባል የምናስበው ሃምሳ ሁለቱን ካርታና ገንዘብ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ነው። ይህ ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር «ማጂክ» የተሰኘ ጨዋታ አወጣ። አዲስ ነገሩ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ካርዶች ሰብስቦ፣ መርጦና አዘጋጅቶ መምጣቱ ነበር። ፖኬሞን በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን፣ በ1999 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታተመ።

ከምናውቀው ጋር እናነጻጽረው። ልጆቻችን ደጅ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ገበጣ ሲጫወቱ ሁለቱም እኩል ጠጠር ይዘው ይጀምራሉ፤ ብልጫው የሚለየው በጨዋታው ውስጥ ነው። በእነዚህ ካርዶች ግን ግማሹ ጨዋታ የሚካሄደው ተጋጣሚ ሳይመጣ በፊት፣ ተጫዋቹ ብቻውን ተቀምጦ ካርዶቹን ሲመርጥ ነው። ተመርጦ የተዘጋጀው ጥቅል «ዴክ» ይባላል። እንግዲህ ልጅዎ ሲያወጣና ሲያስገባ የሚያመሸው ዴክ እየሠራ ነው።

ቁማር ነው?

ጨዋታው ራሱ ቁማር አይደለም። ፖኬሞን ውስጥ ተጫዋቹ መጀመሪያ ስድስት ካርዶችን ገልብጦ ለብቻ ያስቀምጣል፤ «የሽልማት ካርዶች» ይባላሉ። ስሙ ወላጆችን ያስደነግጣል። ነገር ግን ካርዶቹ የራሱ የተጫዋቹ ናቸው። የተጋጣሚውን አንድ ፖኬሞን ባሸነፈ ቁጥር ከራሱ ስድስት ካርዶች ብዙውን ጊዜ አንዱን ያነሣል፤ ስድስቱን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ከማንም የሚወሰድ የለም።

ይሁን እንጂ የእናቲቱን ስጋት የሚደግፍ ታሪክም አለ። ማጂክ ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች አንዳንድ ካርድ አስይዘው አሸናፊው የሚወስድበት ደንብ ነበረው። ያ በእርግጥ ውርርድ ነው። ደንቡ ኋላ የተተወ ሲሆን ዛሬ በማጂክ ይፋ ውድድሮች ማስያዝ ክልክል ነው። ልጆች በራሳቸው መንገድ መልሰው እንዳያመጡት ግን ወላጅ መጠየቅ አለበት።

ስለ ስሞቹም እንናገር። «ፖኬሞን» የሚለው ስም «የኪስ ጭራቆች» ከሚል ቃል ያጠረ ነው፤ «ማጂክ» ደግሞ አስማት ማለት ነው። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ስምና ሥዕል እንዳይገባ ብትወስኑ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ካርዶቹ እንደ ጠንቋይ ካርታ ዕድል የሚነገርባቸው አይደሉም፤ በላያቸው ያለው ቁጥርና ደንብ ነው።

ዴክ እንዴት ይሠራል?

የፖኬሞን ዴክ ልክ ስልሳ ካርድ ነው፤ አንድም አይጨመር፣ አንድም አይቀነስ። ከመሠረታዊ የኃይል ካርዶች በስተቀር አንድ ስም ያለው ካርድ ከአራት በላይ አይገባም። ካርዶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የሚዋጉት ፖኬሞኖች፣ ለመዋጋት ጉልበት የሚሰጡት የኃይል ካርዶች፣ ሌላ ካርድ የሚያስፈልጉና የሚረዱት አሠልጣኞች። ካርዱ ይበወዛል፤ ሰባት ካርድ በእጅ ይያዛል፤ ጨዋታው ይጀምራል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሳጥኑ ካሉት ጠንካራ የሚመስሉትን ሁሉ ይሰበስባል። የእሳት አለ፣ የውኃ አለ፣ የመብረቅ አለ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ አስፈሪ ነው። ሲጫወት ግን የእሳቱ ፖኬሞን በእጁ ሳለ የውኃ ኃይል ይመጣለታል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ጥሩ ዴክ አንድ ዕቅድ አለው፦ በዚህ ፖኬሞን አሸንፋለሁ፤ ሌሎቹ ካርዶች በሙሉ እርሱን ቶሎ ለማምጣትና ለማቆየት ያገለግላሉ። በብርቱ ውድድሮች የሚቀርቡ ዴኮችን ብታዩ ብዙውን ጊዜ ከስልሳው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አሠልጣኞች ናቸው። ተዋጊው ጥቂት ነው፤ አቅራቢው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል። አንድ ካርድ ዴክ ውስጥ አራት ጊዜ ካለ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል 40 በመቶ ያህል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ካለ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። በዚያ ላይ ስድስት ካርዶች ለሽልማት ስለሚገለበጡ ያ ብቸኛ ካርድ እዚያ ተደብቆ የመቅረት ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው። ስለዚህ ያለ እርሱ የማይሆን ካርድ አራት ይገባል፤ ኋላ የሚያስፈልግ ሁለት ወይም ሦስት፤ ለአንዳንድ ችግር ብቻ የሚሆን አንድ።

ሌላም ምሳሌ እንይ። ጨዋታ ለመጀመር ከሰባቱ ካርዶች ቢያንስ አንዱ መሠረታዊ ፖኬሞን መሆን አለበት። ከሌለ ካርዱ እንደገና ይበወዛል፤ ተጋጣሚውም በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ካርድ መሳብ ይችላል። ዴኩ ስምንት መሠረታዊ ቢኖሩት መጀመሪያውኑ የማግኘት ዕድሉ 65 በመቶ ያህል ነው፤ አሥራ ሁለት ቢኖሩት 81 በመቶ ይሆናል። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይህን ለማወቅ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢቀመጥ ሒሳብ እየተማረ ነው።

ማሻሻል በትዕግሥት

ዴክ አንዴ ተሠርቶ አያበቃም። ብርቱ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ይጫወቱበታል፤ እያንዳንዱን ሽንፈት ይመረምራሉ። ኃይል አነሰኝ? ጠቃሚው ካርድ ዘገየብኝ? ወይስ ካርዱ እያለኝ ተሳሳትሁ? ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት አላቸው። የመጀመሪያው የኃይል ካርድ በመጨመር ይፈታል፤ ሁለተኛው አሠልጣኝ በመጨመር፤ ሦስተኛው ግን ካርድ በመለወጥ አይፈታም።

አንድ ጊዜ ተሸንፎ አሥር ካርድ የሚለውጥ ልጅ የትኛው ለውጥ እንደረዳው አያውቅም። አንድ ወይም ሁለት ለውጦ፣ አሥር ጊዜ ተጫውቶ፣ ውጤቱን በደብተር መጻፍ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ስልሳው ስለማያልፍ አንድ ለመጨመር አንድ ማውጣት ግድ ነው። ከባዱ ሥራም ይህ ነው። የሚወደውን፣ የሚያምረውን፣ ነገር ግን ለዕቅዱ የማይጠቅመውን ካርድ ማውጣት።

ተጋጣሚንም ማወቅ ያሻል። ብዙ ፖኬሞኖች የሚደክሙበት ዓይነት በካርዱ ግርጌ ተጽፏል። እህቱ ዘወትር በእሳት የምትጫወት ከሆነ በእሳት የሚደክሙትን ይዞ መቅረብ ሞኝነት ነው። በማጂክ ውድድር ተጫዋቹ እስከ አሥራ አምስት ካርድ በጎን ይዞ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ መለወጥ ይችላል። ፖኬሞን ይህ ስለሌለው ሁሉም ነገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ገንዘብ ያሸንፋልን?

አሁን ወደ እውነተኛው አደጋ ደረስን። ካርዶቹ የሚሸጡት በታሸገ ፖስታ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ገዢው አያውቅም። በካርዱ ግርጌ ያለው ምልክት ብርቅነቱን ይነግራል፦ ክብ በብዛት የሚገኝ፣ የአልማዝ ቅርጽ መካከለኛ፣ ኮከብ ብርቅ። ልጁ ኮከቡን ፍለጋ አንድ ፖስታ ይከፍታል፤ አጣው፤ ሌላ ይከፍታል። ጨዋታው ቁማር ባይሆንም ይህ አከፋፈት የሎተሪ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፖኬሞን የስልክ ጨዋታም በየቀኑ ጥቂት ፖስታ በነጻ ያስከፍትና ለተጨማሪው ገንዘብ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ለይፋ ውድድር የሚፈቀዱት ካርዶች በየጊዜው ይለወጣሉ። ዛሬ በውድ የተገዛው ነገ ከውድድር ውጭ ሊሆን ይችላል።

ብርቅ ማለትም ሁልጊዜ ብርቱ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖል ስላይ የተባለ አሜሪካዊ፣ ጄይ ሽናይደር በነደፈው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ የማጂክ ዴክ ይዞ በአትላንታ ማጣሪያ ቀረበ። ዴኩ ሌሎች በናቋቸው ትንንሽና ርካሽ ካርዶች የተሞላ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ተራ የሚወጣ፣ በሁለተኛው የሚወጣ፣ በሦስተኛው የሚወጣ ተብሎ በልክ ተመጥኖ ነበር። ተጋጣሚዎቹ ትልልቁን ካርዳቸውን እስኪያወጡ እርሱ ሥራውን ይጨርስ ነበር። ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያ ዓይነት ዴክ በስሙ ይጠራል።

እርግጥ ነው፣ በከፍተኛ ውድድር ብዙ ካርድ ያለው ሰው ብዙ ምርጫ አለው፤ ይህን መካድ አይገባም። ደምበጫ ላይ ለሚጫወቱ ወንድምና እህት ግን የአጎት ሳጥን ይበቃል።

በቤታችሁ ምን ይደረግ?

እንግዲህ ቤታችሁ እንዲገባ ከፈቀዳችሁ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ምንም ነገር አይያዝ። ገንዘብም፣ ካርድም፣ ከረሜላም ቢሆን።

ሁለተኛ፣ ልውውጥ በወላጅ ፊት ይሁን። ታላቁ ልጅ የኮከቡን ትርጉም ያውቃል፤ ታናሹ አያውቅም። አንድ ብርቅ ካርድ ላይ አምስት ተራ ካርድ ሰጥቶ መውሰድ በልጆች ዘንድ ብልጠት ይመስላል፤ ስሙ ግን ማታለል ነው። ልጁ ሐቀኛ ነጋዴ መሆንን ከአሁኑ ይማር።

ሦስተኛ፣ የታሸገ ፖስታ እንዲላክለት ዘመድን አያስቸግር። የጎደለውን ካርድ በወረቀት ጽፎ፣ በመቀስ ቆርጦ ይጫወትበት። በይፋ ውድድር ባይፈቀድም የትልቁ አገር ተጫዋቾችም ዴካቸውን ቤት ውስጥ የሚፈትኑት እንዲሁ ነው።

አራተኛ፣ የቤት ሥራና የቤት አገልግሎት ይቅደም፤ ሰዓቱም ይታወቅ።

አምስተኛ፣ ይህችን ሞክሩ። ልጁ ከሳጥኑ ሁለት ዴክ ይሥራ፤ የትኛውን እንደምትወስድ ግን እህቱ ትምረጥ። አንዱን አበርትቶ ሌላውን ቢያደክም ብርቱው የእርሷ ይሆናል። ስለዚህ ሳይወድ በግድ እንደ ገበጣው ጠጠር እኩል አድርጎ ያካፍላል።

ከሁሉ በላይ ግን አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ደንቡን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግዎትም። አንድ ካርድ ሲያወጣ ጠብቀው «ይህን ለምን አወጣኸው?» ብለው ይጠይቁት። «አያምርም» ካለዎት ገና ነው። «ያምራል፤ ግን ለዕቅዴ አይጠቅምም» ካለዎት ልጅዎ መምረጥ ጀምሯል።