«የሴትንም ያካትታል»

ባለፈው ሰሞን ካራ ታክሲ ተራ ቆሜ ነበር። ከእንጦጦ ጋራ በኩል የባሕር ዛፍ ጭነት ወገባቸውን ያጎበጠው አንዲት እናት ቁልቁል መጡ። በዕድሜ ቢበልጡኝ እንጂ አያንሱኝም። መንገዱን ሲሻገሩ፣ ሃያ ዓመት በቅጡ ያልሞላው የታክሲ ረዳት «አንቺ! ዞር በይ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው። ወዲያው ወደኔ ዞሮ «ፋዘር ይግቡ፣ ጋቢና አለ» አለኝ። ጋቢናው የተገኘልኝ በሽበቴ ይሁን በከረባቴ እንጃ።

«ማንን ነው አንቺ የምትለው?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«ልበላቸው በል!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አስተያየት ስጥበት ብሎ የላከልኝ ረቂቅ መመሪያ ነበር። በእንግሊዝኛ ሪፖርት ስንጽፍ «ቼርማን» ቀርቶ «ቼርፐርሰን» እንበል፣ «ሂ» ብቻውን አይበቃም፣ «ዜይ» ለአንድ ሰውም ያገልግል ይላል።

ይሁን፣ ጥሩ ነው። «ዜይ»ን ለነጠላ መጠቀም የትናንት ፋሽን የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሼክስፒርም ጄን ኦስተንም ጽፈውበታል። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2019 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠውም ይህንኑ ነው። የሚገርመኝ የኛ ሰው ሳቅ ነው፤ «አንድ ሰው እንዴት እነሱ ይባላል?» ይላል። ወንድሜ፣ «እሳቸው መጡ» ስትል ምን እያልክ ነው? «መጡ» የብዙ ሰው ግሥ አይደለም እንዴ? አማርኛ አንድን ሰው በብዙ ቁጥር እየጠራ፣ ጾታውንም አብሮ እየሸፈነ የኖረ ቋንቋ ነው። ግዕዝ ለወንዶቹ «አንትሙ»፣ ለሴቶቹ «አንትን» ሲል፣ አማርኛ ሁሉንም «እናንተ» ብሎ ተገላገለ። «ቋንቋው ይበላሻል» ለምትሉ፣ በዚህ አልተበላሸም። «ባለቤቴ» ስንልም ባል ይሁን ሚስት የሚታወቀው ግሡ ሲመጣ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ ከጾታ የሚያላቅቀው በነፃ አይደለም፤ ያስከፍላል። ዕድሜ ወይ ሹመት ወይ ከረባት ይጠይቃል። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ «እሳቸው» ለማለት ማንም ሥልጠና አላስፈለገውም። እንጨት ተሸካሚዋ ግን «አንቺ» ናቸው። ወንዱስ ተሸካሚ «አንተ» ይባል የለም ወይ? ይባላል። ሁለቱ ግን እኩል አይመዝኑም። ልጃገረድን «አንተ» ብንላት ማቆላመጥ ነው፤ ጎልማሳ ወንድን «አንቺ» በሉትና ጥርሳችሁን ልቀሙ። ሴት ስትበረታ «ወንዳታ!» ትባላለች፣ ወንድ ሲሰደብ «ሴት ያሳደገው» ነው። «ባለሙያ ነው» ስንል መሐንዲስ ይታየናል፣ «ባለሙያ ናት» ስንል ዶሮ ወጥ።

ሕጉስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7 በወንድ ጾታ የተደነገገው የሴትንም እንደሚያካትት ተናግሮ ያልፋል። አንድ መስመር ብቻ። ከዚያ በኋላ «ፕሬዚዳንቱ» እያለ ይቀጥላል። አዋጆቻችንም ይህችኑ መስመር ትርጓሜያቸው ጫፍ ላይ ይለጥፏታል። ዘመናዊ ነገር እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1850 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩን ደንግጓል። ከዚያ የ1867ቱ የምርጫ ሕግ ሲወጣ፣ እኛም ተካተናል ያሉ ከ5,000 በላይ የማንችስተር ሴቶች በመራጭነት እንመዝገብ ብለው ጠየቁ። በ1868 ፍርድ ቤቱ፣ የለም፣ እናንተን አያካትትም አለ። በኛ አገር እንዲህ ተፈርዷል አልልም። ግን በአንድ መስመር የገባ ሰው በአንድ ትርጉም ሊወጣ እንደሚችል ያዩት እነሱ ናቸው። «ማንኛውም ሰው» ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል?

አንዳንዱ ችግሩን በእዝባር የፈታው ይመስለዋል። «አመልካቹ/ቿ»፣ «ሠራተኛው/ዋ»፣ «መልሱን ምረጥ/ጪ»። ሴቲቱ በር ላይ እንደተንጠለጠለ የታክሲ ረዳት ከቃሉ ጫፍ ተንጠልጥላ ትሄዳለች። «አመልካቾች»፣ «ምረጡ» ማለት እያለ!

ደግሞ «አንቺ» ይጥፋ የምል እንዳይመስላችሁ። ልጄን በሌላ ቃል መጥራት አልችልም፤ የዘፈኖቻችን ግማሽም ያለሷ አይቆምም። አንድን ሰው ቀርቦ «አንቺ» ማለትና ከላይ ወደታች «አንቺ» ማለት ግን ለየቅል ነው፤ ረዳቱም ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል፤ እናቱ እንጨት ተሸክመው ቢያገኛቸው በዚያ ድምፅ አይጠራቸውም።

ረቂቁን ስመልስ «ቼርፐርሰን»ን አልነካሁም። ከታች አንድ አንቀጽ ብቻ ጨመርኩ፦ የመሥሪያ ቤቱ ሹም የጽዳት ሠራተኛዋን «እርስዎ» ይበል፣ ጥበቃውም ጉዳይ ሊጨርሱ የመጡትን ሁሉ፣ ነጠላ የለበሰችውንም፣ «እርስዎ» ብሎ ያስገባ። ወር አለፈው። መልስ አልመጣም።