ነፋስ ለመቀበል ለሚወጣ ሰው ስልክ ምኑ ነው?

ከቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ያለ ጉዳይ መንሸራሸር በቋንቋችን «ነፋስ መቀበል» ይባላል። ለመቀበል ግን እጅ ባዶ መሆን አለበት። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በማታ ሰዓት የሚመላለሰውን ሕዝብ ብንመለከት፣ ከሽማግሌው እስከ ተማሪው ድረስ አንገቱን አቀርቅሮ የእጅ ስልኩን መስተዋት ሲዳስስ እናገኘዋለን። ወዳጁ በአጠገቡ ቢያልፍ አያየውም፤ ቢያየውም ሰላምታው ግማሽ ነው። እንዲህ ያለው ሰው እግሩን አንቀሳቀሰ እንጂ ነፋስ ተቀበለ ለማለት አይቻልም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በቀን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ስልክን በመሳቢያ ትቶ በእግር መሄድ ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለመምህርና ለተማሪ ቅንጦት ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ነው የሚል ነው። ይህን አሳብ የሚቃወሙ ብዙዎች መሆናቸውን እናውቃለን። ስለዚህ ክርክራቸውን ሳንሸሽ በየተራው እንመልሳለን።

በመጀመሪያ ነገሩን ከውጭ አገር የመጣ ፋሽን የሚያደርጉት አሉ። የቅኔ ቤቶቻችንን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ሊል አይችልም። በዋድላ፣ በዋሸራና በጎንጅ ስም በሚታወቁት የቅኔ ትምህርቶች ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ከሰማ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ይሄዳል፤ በዚያም ብቻውን ሆኖ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ከዚያም ተመልሶ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቅኔ አዲስ መሆን ስላለበት፣ የሌላውን ወይም የትናንቱን ይዞ መምጣት ነውር ነው። እንግዲህ አዲስ ነገር ከተማሪ የሚጠብቁት ሊቃውንቶቻችን በቅድሚያ የሰጡት ብቸኝነትን መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የውጭ ምስክር የሚወድ ካለም አይጠፋም። የአየርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ለብዙ ዓመታት ላስቸገረው የቁጥሮች ጥያቄ መልስ ያገኘው፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 16 ቀን 1843 ዓ.ም. ከባለቤቱ ጋር በደብሊን በቦይ ዳር በእግር ሲሄድ ነበር፤ ቀመሩንም በድልድዩ ድንጋይ ላይ በሰንጢ ቀረጸው። ቻርለስ ዳርዊንም በመኖሪያው አጠገብ አሸዋ የለበሰ የእግር መንገድ አሠርቶ አሳቡን ሲያወጣና ሲያወርድ ይዞርበት ነበር።

«እነዚህ ሊቃውንት ናቸው፤ ቢቀመጡም ያስቡ ነበር» የሚል ይኖራል። ይህንንም የሚመልስ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ የተባሉት ተመራማሪዎች እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች የሆኑ 176 ሰዎችን ተቀምጠውና እየተራመዱ ፈትነዋል። ለታወቁ ዕቃዎች አዲስ አገልግሎት እንዲያስቡ በተጠየቁ ጊዜ፣ እየተራመዱ ያፈለቁት አሳብ ተቀምጠው ካፈለቁት በአማካይ በ60 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ወደ ባዶ ግድግዳ እያዩ በመራመጃ መሣሪያ ላይ የሄዱት እንኳ ተጠቅመዋል። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ባለው ጥያቄ ላይ መራመዱ አልረዳቸውም፤ እንዲያውም ጥቂት ጎዳቸው። ስለዚህ ሒሳብ የሚደምር ይቀመጥ፤ አዲስ አሳብ የሚሻ ግን ይነሣ።

«ይህ የመራመድን ጥቅም እንጂ ስልክን የመተውን ጥቅም አያስረዳም» ቢሉን፣ ተቃውሞው ተገቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ ስልካቸውን በሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች በጠረጴዛቸው ላይ ካስቀመጡት ይልቅ በፈተና የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን ሙከራውን የደገሙት ሌሎች ሁሉ ያንኑ ስላላገኙ እኛ ክርክራችንን በእርሱ ላይ አናቆምም። የምናቆመው ማንም ሰው በራሱ ሊመረምረው በሚችለው ነገር ላይ ነው። አሳብ ክር ነው። አንድ ሸማኔ በየክንዱ ክሩ ቢበጠስበት ቀኑ በመቀጠል ያልቃል እንጂ ጋቢው አይወጣም። በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ አምስት ጊዜ የተጠራ ሰውም እንዲሁ ነው።

የመንፈስ ጸጥታም ከዚህ የራቀ አይደለም። በስታንፎርድ ግሪጎሪ ብራትማንና ጓደኞቹ በ2015 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ለ90 ደቂቃ በዛፍና በሣር መካከል የተራመዱት ሰዎች በገዛ ችግራቸው ላይ ደጋግሞ መብሰልሰላቸው ሲቀንስ፣ መኪና በበዛበት ጎዳና የተራመዱት ግን አልቀነሰላቸውም። እኛም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለን። ሆኖም አለቃውን፣ አበዳሪውንና የመንደሩን ሐሜት በኪሱ ይዞ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ጫካው ምን ሊያደርግለት ይችላል? መኪና የበዛበትን ጎዳና ተሸክሞ ገብቷልና።

«ልጄ ቢታመምብኝስ?» ለሚለው ወላጅ መልሳችን አጭር ነው። በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት፣ ተረኛ የሆነ ሐኪምና ሾፌር ስልኩን ይያዝ፤ እነርሱን አንወቅስም። መንገዷ በምሽት የማያስተማምናት እኅታችንም ድምፁን አጥፍታ በቦርሳዋ ትያዘው፤ ይህ ለመጥራት እንጂ ለመጠራት አይደለምና። ከእነዚህ ውጭ ያለነው ግን ግማሽ ሰዓት ብንታጣ የሚፈርስ ነገር የለም። «በስልኬ ትምህርት እሰማበታለሁ» ለሚለው ደግሞ፣ መስማት መልካም ነው እንላለን፤ ነገር ግን የቅኔ ተማሪ መምህሩን ይዞ ወደ ዱር አይሄድም።

ትልቁ እንቅፋት ግን ከሠራተኛው ሳይሆን ከአለቃው የሚመጣ ነው። በማንኛውም ሰዓት ተጠርቶ ያልመለሰን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ የሚቈጥር፣ በምሳ ሰዓትና በሌሊት በቴሌግራም ቡድን ትእዛዝ የሚያዘንብ ኃላፊ ጥቂት አይደለም። የዚህም ውጤት በየመዝገቡ ይታያል፤ ለማሰብ ጊዜ ያጣ ጸሐፊ ያምናውን ደብዳቤ ቀኑን ለውጦ ይገለብጣል፤ የባለጉዳዩን ችግር ከማጥናት ይልቅ «ነገ ተመለስ» ማለት ይቀለዋል። ዕዳውን የሚከፍለው እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣው ባለጉዳይ ነው። በፈረንሳይ አገር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመጠራት ነጻ ስለ መሆን ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲነጋገሩ ሕግ ያስገድዳል። እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻንም፤ ከቀኑ 6:30 እስከ 7:30 ባለው የምሳ ሰዓት ማንም ሠራተኛ አይጠራም ብሎ አንድ የመምሪያ ኃላፊ ዛሬውኑ ሊያዝ ይችላል፤ ወጪም የለበትም።

ስለዚህ ኃላፊዎች ይህን አንድ ሰዓት ለሠራተኞቻቸው እንዲተዉላቸው፣ መምህራን ድርሰት ከማጻፋቸው በፊት ተማሪዎቻቸውን ያለ ስልክ በግቢው እንዲያዞሩአቸው፣ ተማሪዎችም ጥያቄው ሲከብዳቸው ስልካቸውን ከመጠየቅ በፊት እግራቸውን እንዲሞክሩ እናሳስባለን። ጥቅሙን የሚጠራጠር ሰው ለአንድ ሳምንት ይሞክረውና ከዚያ በኋላ ይከራከረን።