ድንጋዩን ማን አመጣው?

ጐርፍ የሚያመጣውን ድንጋይ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከባዱን አስቀድሞ ይጥላል፤ አሸዋውን ከዚያ ወዲያ ያወርዳል፤ ጭቃውን ወደ ሩቅ ይወስዳል። በስዊስ አገር ሸለቆዎች ግን ቤት የሚያህል ቋጥኝ ከአፈርና ከጠጠር ጋራ ተደባልቆ፣ ከወጣበትም ተራራ እጅግ ርቆ ይገኛል። ብዙዎቹ ሊቃውንት ይህን ያመጣው ታላቅ የውሃ ማዕበል ነው ይሉ ነበር።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1815 ዓመት፣ በባኝ ሸለቆ የሚኖር ዣን ፒዬር ፔሮዳን የሚባል አዳኝ፣ የጨው ማዕድን ሹም የነበረውን ዣን ደ ሻርፓንትዬን በቤቱ አሳደረው። በጨዋታቸውም መካከል፣ ይህን የሚያህል ቋጥኝ ውሃ ሊሸከመው እንደማይችል፣ ያመጣውም ቀድሞ ሸለቆውን ሞልቶ የነበረ የበረዶ ግግር እንደ ሆነ ነገረው። እንግዳው ግን ነገሩን ከንቱ አድርጎ ቈጠረው፤ ሊመረምረውም አልወደደም።

የአዳኙ ቃል ግን እውነት ነበረ። በረዶ በከፍተኛ ተራራ ላይ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ሲደራረብ፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨቍኖ የጠጠረ ግግር ይሆናል፤ በገዛ ክብደቱም ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከገደል የተናደውን ድንጋይ በጀርባው ይሸከማል፤ ከሥሩ የነቀለውንም ይዞ መሬቱን እንደ ሞረድ ይፍቃል። ስለዚህ ባለፈበት አለት ላይ ጭረት ይታያል፤ ጠባቡም ሸለቆ ሰፍቶ ገንዳ ይመስላል። ሙቀት ካለበት ስፍራ ሲደርስ ይቀልጥና ታላቁን ከታናሹ ሳይለይ ሸክሙን ሁሉ በአንድነት ያራግፋል። ይህ ክምር ሞሬን ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ግድብ ሆኖ ከበስተኋላው ሐይቅ ያቍራል።

መሐንዲሱ ኢግናትስ ቬኔትስ ይህንኑ መርምሮ ካስረዳው በኋላ ሻርፓንትዬ አመነ፤ በ1834 ዓመትም በሊቃውንት ጉባኤ ፊት መሰከረ። በ1837 ዓመት ሉዊ አጋሲ ነገሩን አስፍቶ ተናገረ። ሻርፓንትዬም በ1841 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ያን አዳኝ በስሙ ጠርቶ፣ አስቀድሞ የነገረው እርሱ እንደ ሆነ አልሸሸገም።

በአገራችንም በባሌና በሰሜን ተራሮች ላይ በጥንት ዘመን እንዲህ ያለ ግግር ነበረ፤ ዛሬ እርሱ ፈጽሞ ጠፍቶ ያራገፈው ድንጋይ ብቻ ቀርቷል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ይህን ድንጋይ ማን አመጣው ብለው ቢጠይቋችሁ በቍጣ ዝም አታሰኟቸው። እናንተም ዳኞችና ሹማምንት፣ ባላገር ስለ አገሩ ሲናገር ታግሣችሁ ስሙት። ከአዳኙ ቃል እስከ ሻርፓንትዬ ምስክርነት 19 ዓመት አልፏል፤ ጭረቱ ግን ያን ጊዜም በአለቱ ላይ ነበረ።