ስለ ሻይም እናውራ

የቡና ደላላ ሆኜ ሻይ ወዳጅ መሆኔ እንደሚያስቃችሁ አውቃለሁ። ግን ገበያው ሲናወጥ የሚያረጋጋኝ እሱ ነው፦ የውሽውሽ ቅጠል፣ በደንብ የጠቆረ፣ ስኳር የሌለው። (ቅርንፉድና ቀረፋ የምታበዙ ሻይ ቤቶች፣ ቅጠሉን እየደበቃችሁት ነው።) በየካቲት 2017 አረቢካ ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ሲሸጥ ስልኬን ዘግቼ የተቀመጥኩት ከሻይ ጋር ነበር።

ታዲያ ስለ ሻይ ገበሬው ለምን አናወራም? ቡና ደርቆ መጋዘን ይገባል፣ ዋጋ ይጠብቃል። ጤፍም እንደዛው። የተቀጠፈ የሻይ ቅጠል ግን በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ ካልገባ ይበላሻል። በአካባቢው ያለው ፋብሪካ አንድ ብቻ ከሆነ ገበሬው "በዚህ ዋጋ አልሸጥም" ሊል አይችልም፣ የት ያደርሰዋል? ኬንያ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች የፋብሪካዎቹ ባለድርሻ ናቸው፤ በየወሩ የቅጠል ሂሳብ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ቦነስ ይቀበላሉ።

የካፋና የኢሉባቦር ዩኒየኖች፣ ወደ ሻይ የምትገቡ ከሆነ ከችግኙ በፊት የፋብሪካ ድርሻ ጠይቁ። ችግኙ ለለቀማ እስኪደርስ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ለመደራደር በቂ ጊዜ ነው።