መጽሐፍ አለኝ በቁልፍ

ከሰሜን ሸዋ ደጋ ከተሞች በአንዲቱ፣ ስሟን ልተወውና፣ በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በር ቆሜ ነበር። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘበኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። ዘጠኝ ዓመት ግድም የሚሆነው ልጅ ታናሽ እኅቱን በእጁ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ማየት እንችላለን?»

«ልጅ አይገባም። ተማሪ ትረብሻላችሁ።»

«እኔም እኮ ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ነኝ።»

ዘበኛው ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። እኅቱን እየጎተተ ወደ መጣበት ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ከብብታቸው አውጥተው ቀረቡ።

«ልጄ፣ ይችን የመሬት ወረቀት የሚያነብልኝ ሰው ከዚህ ቤት አይጠፋም ብዬ ነበር።»

«አባባ፣ እዚህ መነጋገር ክልክል ነው።»

እውነቱን ነው። ከበሩ በላይ «ጸጥታ ይከበር!» የሚል በትልቁ ተጽፏል። እኔ «ለንባብ ነው» ብዬ ገባሁ። ውስጥ ሃያ የሚሆኑ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አቀርቅረው ያጠናሉ፤ ሁሉም የሚያነቡት ከቤታቸው ያመጡትን ደብተር ነው። መጻሕፍቱ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ጠጋ ብዬ አየኋቸው። አብዛኞቹ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ኮሌጅ ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው ብሎ የጣላቸው የሒሳብ አያያዝና የኬሚስትሪ መጻሕፍት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገሬ ሰው። የዚያች ከተማ ሕዝብ ደግሞ «መጽሐፍ አለኝ በቁልፍ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ዘበኛውን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። የምወቅሰው ትእዛዙን ነው። ከትእዛዙም ይልቅ «ቤተ መጻሕፍት ማለት ዝም ብለው የሚቀመጡበት አዳራሽ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ነው። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ይህ ቤት «ለኅብረተሰቡ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል» ተብሎ እንደሚጻፍ አልጠራጠርም። ለየትኛው ኅብረተሰብ? ልጁ ተመልሷል፤ ሽማግሌው ተመልሰዋል። ከገበያ መልስ እግሯን የምታሳርፍ እናትማ ጭራሹንም ወደዚያ በር አልተጠጋችም፤ ቤቱ የእርሷም መሆኑን የነገራት የለምና።

«ተማሪው ታዲያ የት ያጥና?» የሚል አይጠፋም። ተማሪው በሚገባ ያጥና! መብራትና ወንበር የሌለበት ቤት ልጅ መጠጊያ ማግኘቱ ማለፊያ ነው። ግን ቤቱን በሙሉ ለፈተና አስረክበን ያተረፍነውን እንመልከት። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። ይህ የ12ኛ ክፍል በሽታ አይደለም። በሽታው የጀመረው ያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከበር የተመለሰ ዕለት ነው። የዓለም ባንክ በአሥር ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱትን የኢትዮጵያ ልጆች ወደ 90 ከመቶ ያደርሳቸዋል። መሠረቱን ትቶ ጣሪያውን የሚያድስ ግንበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሌላም የሚነገር ሰበብ አለ። «ሕዝባችን የንባብ ባህል የለውም» ይባላል። ይህ አባባል በስብሰባ ላይ ያልተነገረበት ጊዜ የለም፤ ተናጋሪው ደግሞ ራሱን ከዚያ ሕዝብ አውጥቶ ነው የሚናገረው። ለመሆኑ የማን አገር ሆነና ነው? ከመንዝ አጠገብ ያለው ጅሩ እኮ በቁም ጽሕፈቱ ስሙ የተጠራ የጸሐፊዎች አገር ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ገበሬ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆሞ ሲሰማ፣ በወር በወሩ በጽዋ ማኅበር ላይ ድርሳን ሲነበብለት የኖረ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በጆሮው አንባቢ ነበር። በዚህ አገር መጽሐፍ ጮክ ተብሎ በሰው መካከል የሚነበብ፣ የሚተረጎም፣ ክርክር የሚነሣበት ነገር ነው። «ጸጥታ ይከበር!» የሚለው ማስታወቂያ ነው እንግዳው።

እርግጥ ነው፣ መጻሕፍቱን በአንድ ቤት ሰብስቦ ለሕዝብ መክፈት በአገራችን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ለገጠሩ የታሰበለት ዋናው ጊዜ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ ከየትምህርት ቤቱ ወጣት ዘመተ፤ በ15 ቋንቋዎች ተሠራ፤ በዓመቱም ከዩኔስኮ ሽልማት መጣ። አዲስ አንባቢዎች ፊደሉን እንዳይረሱት የንባብ ቤቶች በየገጠሩ ተከፈቱ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ያን ዘመን በሌላው ነገር የሚያማርር እንኳ ይህን አይክደውም። ታዲያ ንባብ ቤቶቹ የት ገቡ? ከላይ በትእዛዝ መጥተው ነበርና ትእዛዙ ሲቆም አብረው ቆሙ። ሕዝቡ «የኔ ናቸው» ብሎ አልያዛቸውም። «የኔ» እንዲል የጠየቀውም አልነበረም።

ሕዝብ «የኔ» ያለውን እንዴት እንደሚይዝ ማየት የሚፈልግ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ጓሳን ይይ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ያ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በመንዝ ሕዝብ ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። ሥርዓቱ ያስደንቃል። ሕዝቡ አለቃውን ራሱ ይመርጣል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጥሶ የገባ ይቀጣል፤ ድርቅ ሲመጣ ወይም ሣሩ ሲደርስ ተመክሮ ይከፈታል። ያኔ ለቤት ክዳን የሚያጭደው ያጭዳል፣ ከብት ያለው ያሰማራል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። ሕዝቡ ግን ጓሳ ሲራቆት ዝም ብሎ አላየም፤ በኮሚቴ ተደራጅቶ በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በዓለም የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

እንግዲህ ልጠይቅ። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሣር ለዘመናት የጠበቀ ሕዝብ አንድ ክፍል መጽሐፍ መጠበቅ ያቅተዋል? የጓሳን መክፈቻና መዝጊያ ቀን መክሮ የሚወስን ሽማግሌ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት መወሰን ያቅተዋል? ቤተ መጻሕፍት እኮ የአእምሮ ጓሳ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የሣሩ ጓሳ ሲግጡት ያልቃልና መዝጋት ያስፈልገዋል፤ መጽሐፍ ግን የሚሞተው ሲዘጋበት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ደግሞ መብቱ የአቅኚዎቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘር ለሆነ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ይሻላል፤ ዘር አይቆጥርም፣ ክፍል አይጠይቅም።

የምጠይቀው ነገር የሰማይ ላም አይደለም። ቁልፉ ከቢሮ ወጥቶ ሕዝቡ ለመረጠው ኮሚቴ ይሰጥ። ኮሚቴው ውስጥ አንድ መምህር፣ አንድ የዕድር ዳኛ፣ ከእናቶችና ከተማሪዎች ደግሞ ተወካይ ይኑሩበት። ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ መንገዱን ያሳያል። ጥቂቱን ልዘርዝር።

ቅዳሜ ጧት ለልጆች ይሁን። ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይጠበቅም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የማይመልስ ልጅ የለም፤ አውርታ የማትጠግብ አያትም ሞልታለች። አያት ታወራለች፣ የሚጽፍ ልጅ ይጽፋል፣ ሥዕል የሚችል ይሥላል፤ ወረቀቶቹ ተሰፍተው መደርደሪያው ላይ ይቀመጣሉ። የአያቱን ተረት በራሱ እጅ ጽሕፈት መደርደሪያ ላይ ያየ ልጅ መጽሐፍ ከሰማይ የሚወርድ እንዳልሆነ ያውቃል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹም ለተሰጣቸው ወንበር በሳምንት አንድ ሰዓት ለታናናሾቻቸው በማንበብ ይመልሱ። ማን ያውቃል፣ ሲያነቡ እነርሱም ይማሩ ይሆናል።

የገበያ ቀን ለገበሬው ይሁን። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የወጣው በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ላይ ነው። መንዜ በርስቱ ጉዳይ ተሟግቶ አይታክትም ይባላል። ታዲያ የሚሟገትበትን ሕግ ያነበበለት ማን ነው? በገበያ ቀን አንድ ሰዓት፣ አንድ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው፣ አንድ ቅጂ አዋጅ፤ ይኸው ነው ወጪው። ያ ሽማግሌ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ደጃፍ ለደጃፍ ባልተንከራተቱ።

ሌላ ቀን ደግሞ ለሚፈትሉ እናቶች ይሁን። የመንዝ ሴት የበግ ፀጉር ስትፈትል እጇ እንጂ ጆሮዋ ሥራ አይዝም። እርሷ ትፍተል፤ አንዱ ያንብብላት፤ ቡናውም ይፈላ። ይህን ከቅዠት የሚቆጥር ካለ ስለ ኩባ ይስማ። በሲጋራ ፋብሪካዎቿ እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ ትንባሆ ሲጠቀልሉ ጋዜጣና ልቦለድ የሚያነብላቸው ሰው ይቀጥሩ ነበር። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። ባና የምትፈትለው እናት ከሲጋራ ጠቅላዩ በምን ታንሳለች?

በአገራችንም አርአያ አልጠፋም። በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ጥቂት ቆይተውም አዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሄዳል ማለት ነው። አህያና በቅሎ ደግሞ ከመርሐ ቤቴ ቆላ እስከ ግሼ ደጋ ድረስ እጥረት ያለባቸው አይመስለኝም።

መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችልም አይተናል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። ደግ ሥራ ነው፤ ልጆችም የራሳቸው ቦታ አላቸው። ግን የአራት ኪሎ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ የራቤል ልጅ ከዘበኛ ጋር የሚከራከረው በምን ኃጢአቱ ነው? የቢሊዮኑን ሺኛ እንኳ አልጠየቀም። የጠየቀው ሥዕል ያለው አንድ መጽሐፍ ነው።

«አሁን ይህ የመጽሐፍ ጊዜ ነወይ?» የሚለኝ አለ። ይህን ተቃውሞ አላቃልለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሞላሌና መዘዞ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት፣ መምህሩ ባልተረጋጋበት ጊዜ ስለ ተረት ሰዓት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ጓሳ የሚከፈተው በጥጋብ ዘመን አልነበረም፤ በድርቅ ጊዜ ነበር። የተከለለውም ለክፉ ቀን ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ የት ይዋል? ፊደል ቆጥሮ የተወው ልጅ ፊደሉ ስንት ዓመት ይጠብቀዋል? የ1970ዎቹ ጎልማሶች ተምረው የረሱት የሚያነቡት በማጣታቸው ነው፤ ያንኑ ስሕተት በልጅ ልጆቻቸው ላይ ልንደግመው ነው። ችግሩ ሲያልፍ እንከፍታለን የሚል ሁሉ ችግሩ ሲያልፍ አንባቢ እንደማይኖር አላሰበም። ቤት የሚከፈትበት፣ ሰው ተሰብስቦ የሚደማመጥበት ሰላም በተገኘበት ሥፍራ ሁሉ ዛሬውኑ ይከፈት። ጠላትም ወዳጅም ሳይባል አንድ ጽሑፍ ከበው የሚሰሙ ሰዎች ቢያንስ ለዚያች ሰዓት ይደማመጣሉ።

በጀት የለም የሚለውን መልስ ግን አልቀበልም። ማስታወቂያውን ለመንቀል በጀት አያስፈልግም። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለማዞር ጨረታ አይወጣም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የመንዝ ዕድርተኛ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ ቀብሩንም ሠርጉንም የሚወጣው በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ያለነው የአገሩ ተወላጆችም አንድ ነገር እንወቅ። ከቤታችን ያረጀውን መርጠን በካርቶን መላክ ውለታ አይደለም፤ ልጅ የሚያነበውን የአማርኛ መጽሐፍ ገዝቶ መላክ ነው ውለታ።

ያ ልጅ እኅቱን ይዞ ሲመለስ ጥቂት ሄዶ ዞር ብሎ በሩን አይቶት ነበር። ያ በር ዳግመኛ ልጅ እንዳይመልስ ማድረግ የማን ሥራ እንደሆነ ከእንግዲህ አንጠያየቅ። ቁልፉ ያለው የታወቀ ቢሮ፣ የታወቀ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያውጡትና ለሕዝቡ ይስጡት።